ነፃ የሙዚየም ቅዳሜ፦ ከልጆችና ከአያት ጋር

ቅዳሜ ጠዋት በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ልጆቹ ስልክ ላይ አፍጥጠዋል፤ ከአገር ቤት የመጡት እናት መስኮት ዳር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ፤ ወላጅ ደግሞ "ዛሬስ የት እንውሰዳቸው?" ይላል። ኪስ የማይጎዳ፣ ለትንሹም ለትልቁም የሚሆን ቦታ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ከትልልቆቹ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞቿ አብዛኞቹ መግቢያ አያስከፍሉም፤ ከየአህጉሩ ባህል የተውጣጡ የሥዕል፣ የተረት፣ የሙዚቃና የእጅ ሥራ ፕሮግራሞችንም በነፃ ያሰናዳሉ።

ችግሩ ብዙ ቤተሰብ ሄዶ፣ ሃያ ደቂቃ ዞሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ልጆቹ "ደከመን" ሲሉ መመለሱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ "ሙዚየም" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ሕንፃ ሙሉ ዕቃ በአንድ ቀን እንዲያዩ ስለጠየቅናቸው ነው። ለአንድ ቀን አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ፣ በአማርኛ የሚወራ አንድ ጨዋታ ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለዚያ የሚረዱ ናቸው።

1. ሕንፃ ሳይሆን ፕሮግራም ይምረጡ

አብዛኞቻችን የት እንደምንገባ የምንወስነው ሙዚየሞቹ በተሰለፉበት ናሽናል ሞል ላይ ቆመን ነው። እርስዎ ግን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማታ የሙዚየሞቹን የፕሮግራም ገጽ ስልክዎ ላይ ይክፈቱና ለልጅዎ ዕድሜ የሚስማማ አንድ ነገር ይፈልጉ።

ከየት ልጀምር ቢሉኝ ከስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እላለሁ። የሚገኘው ኢንዲፔንደንስ አቬኑ 950 ቁጥር ላይ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ስለሆነ በሐምሌ ሙቀትም በጥር ብርድም ይመቻል። ከጎኑ ባለው የአትክልት ቦታ ዳር የእስያ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። "ኢማጅንኤዥያ" በሚለው የቤተሰብ ፕሮግራሙ ልጆች መጀመሪያ ዕቃውን ያያሉ፣ ከዚያ በእጃቸው ይሠራሉ። ሞሉን ተሻግረው የሚያገኙት ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የሚተዳደረው ለብቻው ቢሆንም መግቢያው እንዲሁ ነፃ ነው። ወደ ባልቲሞር ለሚቀርቡ ደግሞ የዋልተርስ ሙዚየም አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች አንዱን ይዟል፤ በፈረንጆች 2023 መጨረሻ ተከፍቶ እስከ መጋቢት 2024 የቆየውን ሰፊ የኢትዮጵያ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀውም እሱ ነው። መግቢያ አይከፈልም። ሰኞና ማክሰኞ ግን ዝግ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ከቨርጂኒያ ድረስ ነድቶ በሩ ላይ የሚመለስ ሰው አለ።

የፕሮግራም ማስታወቂያ ሲያነቡ አራት ቃላትን ይለዩ። "ፍሪ" ብቻ ከሆነ ነፃ ነው። "ፍሪ ዊዝ አድሚሽን" የሚል ከሆነ ፕሮግራሙ እንጂ በሩ ነፃ አይደለም፤ መግቢያ ይከፍላሉ ማለት ነው፤ በሌሎች ከተሞች ሲጓዙ በዚህ ብዙ ሰው ይታለላል። "ሰጀስትድ ዶኔሽን" ማለት ቢሰጡ ደስ ይለናል፣ ባይሰጡም ይግቡ ነው። "ድሮፕ ኢን" ደግሞ ያለ ምዝገባ በፈለጉት ሰዓት መጥተው ይቀላቀሉ ማለት ነው፤ ልጅዎን ጥለው ገበያ ይሂዱ ማለት አይደለም። በእነዚህ የቤተሰብ ፕሮግራሞች ላይ ወላጅ ከልጁ አጠገብ ሆኖ አብሮ እንዲሠራ ይጠበቃል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። አንዳንድ ወገኖቻችን "ነፃ" ሲባል ይሸማቀቃሉ፤ ለሌላ ሰው የታሰበ ምጽዋት የወሰዱ ይመስላቸዋል። የአፍሪካውንና የእስያውን ሙዚየም የሚያስተዳድረው ስሚዝሶኒያን ከበጀቱ ከግማሽ በላይ የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት ነው። በታክሲ፣ በሆስፒታል፣ በፓርኪንግ ሠርተው ግብር የከፈሉበት ቤት ነውና ቀና ብለው ይግቡ።

2. ቦታ ይያዙ፤ የማይሄዱ ከሆነም ይልቀቁ

ነፃ ነው ማለት ቦታ ሞልቷል ማለት አይደለም። የእጅ ሥራ ወርክሾፕ የሚዘጋጀው በጠረጴዛና በወንበር ልክ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ይዤ፣ ያለ ምዝገባ፣ "እናገኛለን" ብዬ ሄጄ በር ላይ ቀርቻለሁ። የትንሿ ለቅሶ እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተከተለኝ። ከዚያ ወዲህ ምዝገባው የሚከፈትበትን ቀን ስልኬ ላይ በማስታወሻ እይዛለሁ።

ሲመዘገቡ የልጆችን ብዛት ብቻ ሳይሆን የእርስዎንም የአያትንም ቦታ ቆጥረው ይሙሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የአዋቂው ወንበር ነው። አንዳንድ ፕሮግራም በዕጣ ነው። ናሽናል ጋለሪ በሐሙስ ምሽት በሚያዘጋጃቸው "ናሽናል ጋለሪ ናይትስ" ዝግጅቶች ላይ መገኘት የሚፈልግ ሰው በጣም ስለሚበዛ ትኬቱ የሚታደለው ቀድሞ በሚደረግ የኦንላይን ዕጣ ነው። ዕጣው ነፃ ስለሆነ መሞከሩ አይጎዳም።

ልጅ ታሞ ወይም ክርስትና ተጠርተው መሄድ ካልቻሉ ምዝገባውን ይሰርዙ። ተመዝግቦ መቅረት ለሌላ ቤተሰብ የሚሆን ወንበር ባዶ ያስቀራል።

ሁለት የመዝጊያ ሁኔታዎችንም ያስቡ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በፈረንጆች ዲሴምበር 25 ዝግ ናቸው፤ ናሽናል ጋለሪ ጃንዋሪ 1 ቀንንም ይጨምራል። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲቋረጥ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሊዘጉ ይችላሉ። ዜና ላይ ይህን ከሰሙ ከቤት ሳይወጡ ያረጋግጡ።

3. ሐሙስ ማታ አንድ ሥዕል አብረው ይዩ

ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምነው ይህን ነው። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ሲያገኝ ይሮጣል፤ የማያውቀው ሲበዛበት ይደክመዋል። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ያስተዋውቁት።

ስሚዝሶኒያን ከየካቲት 2020 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዕቃና የሥዕል ምስሎችን ማንም በነፃ አውርዶ እንዲጠቀምባቸው ለቋል። ዋልተርስም የብራና መጻሕፍቱን ምስል እንዲሁ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። "ኢትዮጵያ" ብለው በእንግሊዝኛ ይፈልጉ፤ አንዱን መርጠው በላይብረሪ ወይም በመሥሪያ ቤት ማተሚያ ያትሙት፤ ካልሆነም በቴሌቪዥኑ ላይ ያሳዩ።

ለመጀመሪያ ቀን የሚሆን አንድ ልጠቁምዎ። በዋልተርስ ስብስብ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ፣ እንደ ማራገቢያ የሚተጣጠፍ የብራና ሥዕል አለ። ታጥፎ ሲቀመጥ እንደ ጠባብ መጽሐፍ ነው፤ ሲዘረጋ ክብ መንኮራኩር ይሆናል፤ በየእጥፋቱ ላይ አንድ አንድ ቅዱስ ቆሟል። ምስሉን ያሳዩና ወረቀት ሰጥተው "ይህን እንዴት ታጥፈዋለህ?" ይበሉት። ሲያጥፍ፣ ሲበላሽበት፣ ደግሞ ሲሞክር ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ የእሱ ነው። (ብራና ብርሃን ስለሚጎዳው እንዲህ ያለ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ለዕይታ ላይወጣ ይችላልና አስቀድመው ገጹ ላይ "ኦን ቪው" የሚል መኖሩን ይመልከቱ።)

ፊደል የጀመረ ልጅ ካለዎት የወሰኔ ኮስሮፍን ሥራዎች ያሳዩት። ፊደላችንን የሥዕሉ መነሻ ያደረገ ሠዓሊ ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ ሥራዎቹም በአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። ፊደላቱ ተቆርጠው፣ ተገልብጠው፣ ተንጠልጥለው ስለሚታዩ እንደ ቃል አይነበቡም። ለልጅ ጨዋታው እዚህ ነው፦ "ሀ የት አለች? ይህቺስ ጠ ናት ወይስ ሰው?" በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት ፊደል የሰለቸው ልጅ እዚህ ሲፈልግ አይሰለቸውም።

4. ቦርሳውን ያቅልሉ

በር ላይ ፍተሻ አለ። ብርቱካን መላጫ ብለው የያዙት ትንሽ ቢላም ሆነ ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰንጢ አያስገባም፤ ቤት ይተዉት። ትልቅ የጀርባ ሻንጣ ሥዕሎችን ይገጫል ተብሎ በፊት በኩል እንዲያዙት ወይም እንዲመለሱ ሊጠየቁ ይችላሉ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እርሳስና ትንሽ ደብተር፣ ክዳን ያለው ውኃ፣ ቅያሪ ቲሸርት። እስክርቢቶና ማርከር አይያዙ፤ ሥዕል ባለበት ክፍል ውስጥ መንደፍ የሚፈቀደው በእርሳስ ነው፤ የእስክርቢቶ ጭረት ቢያርፍበት አይለቅምና።

ምግብ ማሳያ ክፍሎች ውስጥ አይበላም። ቆሎም ዳቦም ይያዙ፤ ነገር ግን ውጭ አትክልት ቦታው ላይ ተቀምጠው ይብሉ። እዚያ አካባቢ የሚሸጥ ምሳ ለአምስት ሰው ሲሆን "ነፃ" ያልነው ቀን ውድ ይሆናል። ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ ምሳውን ከቤት ማምጣቱ የበለጠ ይገላግላል።

5. በባቡር ይሂዱ

መኪና ይዞ ናሽናል ሞል ላይ ቦታ መፈለግ ልጆቹ ገና ሳይገቡ ትዕግሥታቸውን ይጨርሳል። ሜትሮ ይያዙ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ሜትሮ ሴንተር ድረስ፣ ከዚያ በሰማያዊው፣ በብርቱካናማው ወይም በብርማው መስመር ሁለት ጣቢያ ሄደው ስሚዝሶኒያን ላይ ይወርዳሉ። ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ሰማያዊው መስመር ሳይቀይሩ ያደርስዎታል። ቅዳሜና እሑድ ሜትሮ ራሱ በሚያስተዳድራቸው ፓርኪንጎች፣ ለምሳሌ ዊተንና ፎረስት ግሌን፣ መኪና ማቆም ነፃ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም ከፋይ አዋቂ አብሯቸው ካለ አንዱ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ በነፃ ይዞ ይሳፈራል።

ለእናት ወይም ለአባት ጉልበት ካሳሰበዎት ሙዚየሞቹ ዊልቸር በነፃ ያውሳሉ፤ መረጃ ጠረጴዛው ላይ ይጠይቁ። "አልደክምም" ቢሉም ይውሰዱ፤ ቢያንስ የልጆቹን ጃኬት ይሸከማል።

6. ሲገቡ ዝግ ይበሉ

ከወርክሾፑ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ መጸዳጃ ቤት ያስቀድሙ። ከዚያ ያሰቡትን ዕቃ ብቻ ፈልገው ፊቱ ይቁሙ። አምስት ደቂቃ ሙሉ። መግለጫውን ወዲያው አያንብቡ። "ምን ታያለህ? ከምን የተሠራ ይመስልሃል? የማን ይሆን?" ይበሉ፤ ጽሑፉን ከዚያ በኋላ ያንብቡት። ቀድመው ካነበቡለት ልጁ ማየቱን ይተወዋል።

"አትንካ!" ብቻ ከማለት ምክንያቱን ይንገሩት፦ የእጃችን ላብና ቅባት ብረቱን ያዝጋል፣ ቀለሙን ይበላል። ከዕቃው አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅ ያለማምዱት። ጥበቃዎቹን ሰላም ይበሉ፤ በዚህ ከተማ አንዱ የአገር ልጅ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃዎቹ መካከል የሚቆም ሰው የትኛው ክፍል ለልጅ እንደሚመች ያውቃል።

አያት አብረው ካሉ አስጎብኚው እሳቸው ይሁኑ። አገር ቤት ያደጉ ሰው መቋሚያንና ጸናጽልን፣ ሞሰብንና ቅልን ከመስታወት ጀርባ ሲያገኙ መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ቀጥሎ የሚወጣው ወሬ በየትኛውም መግለጫ ላይ የለም። የመጾር መስቀል ሲያዩ ሊያማትቡ ወይም ሊሳለሙ ይፈልጉ ይሆናል። አያፍሩባቸው፤ መስታወቱን ሳይነኩ እጅ መንሣት ይቻላል፤ ለልጁም ያ ዕቃ ሰው የሚሳለመው መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳው የለም።

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። የኢትዮጵያን ዕቃ ፈልገን አይተን እንወጣለን። ፕሮግራሙ የተሰናዳው ብዙ ባህል ጎን ለጎን እንዲታይ ነው፤ የራስን ማወቅ ወደ ሌላው መሻገሪያ ሊሆን ይችላል። ከእንጨት የተጠረበውን የራስ ማስደገፊያ ይውሰዱ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ አለ፣ ሶማሌዎች ዘንድ አለ፣ ዚምባብዌ ውስጥ የሾና ሰዎችም ይጠርቡታል። ለምን? የተሠራ ፀጉር በእንቅልፍ እንዳይበላሽ ነው። አያትን "ሹሩባዎን ሌሊት እንዴት ይጠብቁት ነበር?" ብለው ይጠይቁ፤ የልጅቱ ዓይን ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ማስደገፊያ ላይ የሰው ራስ ያያል። የእስያው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ተሰብሮ በወርቅ ቅብ የተጠገነ የጃፓን የሻይ ጽዋ ካገኙ ልጁን ያቁሙት። የተሰነጠቀ ቅል በክር ወይም በጅማት ሲሰፋ ያዩ እናት እዚያ ጋ የሚሉት አያጡም። ጃፓኖች ለሻይ የሚያደርጉትን ሥርዓት እኛ ለአቦል፣ ለቶና፣ ለበረካ ከምናደርገው ጋር ያስተያየ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛውን ባህል "እንግዳ ነገር" ብሎ አያልፈውም።

"የእኛ መስቀል እዚህ ምን ይሠራል?" የሚል ጥያቄ ከልጅ አፍ መውጣቱ አይቀርም። አያድበስብሱት። መግለጫው ግርጌ ላይ ዕቃው እንዴት እንደገባ በአጭሩ ይጻፋል፤ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ በሙዚየሙ ገጽ ላይ አለ። የተገዛ አለ፣ የተሰጠ አለ፣ ተዘርፎ የወጣም አለ። የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2022 ተዘርፈው የወጡ የሃያ ዘጠኝ የቤኒን ነሐሶችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ መልሷል፤ ስለዚህ ጥያቄው ትልልቅ ሰዎችም የሚጠይቁት፣ አንዳንዴም መልስ የሚያገኝ ጥያቄ መሆኑን ይንገሩት።

ወርክሾፑ ውስጥ ሲቀመጡ አሠራር ከምታሳየው ሠራተኛ አጠገብ ይሁኑ፤ እንግሊዝኛ ቢከብድዎ እጇን አይተው ይከተላሉ። ልጅዎን የሙሉ ቀን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ እሱም ሊጫወት ነው የመጣው። በዋሽንግተን ዲሲ ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ እዚያ ያሉት እነዚህ ሙዚየሞች ግን የፌዴራል ስለሆኑ ያ ሕግ አይመለከታቸውም። አስተርጓሚ ይኖራል ብለው አይጠብቁ፤ አስቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ግን ይችላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ የልጁን ሥራ አይሥሩለት። መቀሱን ቀምተን "እንዲህ ነው" የምንል ወላጆች ብዙ ነን። ጠማማ ይሁን። ለእርስዎ የተሰጠዎትን ወረቀት ይዘው ከጎኑ የራስዎን ይሥሩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ገና ደስ እያላቸው፣ ይውጡ።

7. አስተያየት ይጻፉ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያለዎትን ያቅርቡ

ቤት ሲገቡ የተሠራውን ነገር ሰው የሚያየው ቦታ ይስቀሉት፤ ከጀርባው ቀኑን በአማርኛ ይጻፍበት። ማታውኑ ለሙዚየሙ ሦስት መስመር ኢሜይል ይላኩ፤ ምን ወደዳችሁ፣ ምን አስቸገራችሁ፣ በምን ቋንቋ ቢሆን ይሻል ነበር። ፕሮግራም አዘጋጆች በጀት ሲጠይቁ የሚያቀርቡት እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ነው፤ የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ በብዛት ይመጣል፣ በጥቂቱ ይጽፋል።

ሁለት ሦስት ጊዜ ከሄዱ በኋላ እድርዎ፣ የአማርኛ ትምህርት ቤቱ ወይም የወላጆች ኮሚቴው አንድ ፕሮግራም እንዲያቀርብ ማሰብ ይችላሉ። ከወራት በፊት ይጀምሩ። ለትምህርት ክፍሉ የሚላከው ጥያቄ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ምን ታሳያላችሁ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ለስንት ልጅ፣ ማን ያስተምራል፣ ምን ጠረጴዛና ምን መብራት ያስፈልጋል፣ ከሙዚየሙ ከየትኛው ዕቃ ጋር ይገናኛል። የመጨረሻዋን ጥያቄ አይዝለሉ፤ "ባህላችንን እናሳይ" ከሚለው ይልቅ "ፊደል የሚጽፍ ሰው አለን፣ ከወሰኔ ሥዕል ፊት ልጆችን እናስጽፋለን" የሚለው ይሰማል። ለሚያስተምረው ባለሙያ የድካም ዋጋ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ፕሮግራሙ ነፃ የሆነው ለጎብኚው ነው።

ቡና እናፍላ የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሣል። ሥዕል ባለበት ሕንፃ ውስጥ ከሰልም ዕጣንም አያስገቡም፣ ቡና ሲቆላም ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። ቡናው ቤት ተቆልቶ ይምጣ፤ እዚያ ሙቀጫና ዘነዘና ይቅረብ፣ ልጆቹ በተራ ይውቀጡ፣ ጀበናውና ስኒው ረከቦቱ ላይ ይደርደር። ማፍላት የግድ ከሆነ ውጭ አትክልት ቦታው ላይ ይፈቀድ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም አትመው በዕለቱ ይያዙ።